የነርሲንግ ስኪል ላብ ልታደራጁ ነው? ፕሮፎርማ ከመፈረማችሁ በፊት እጅ ቁጠሩ

ባለፈው ወር አንድ ዲን ደወለልኝ። ኮሌጁ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ አለፍ ብሎ ነው። አዲስ ሕንፃ ተከራይተው ሁለት ክፍል ለስኪል ላብ (ለተግባር ልምምድ ክፍል) ለቀዋል። "ሲስተር፣ ሦስት ፕሮፎርማ ይዣለሁ። የቱን ልፈርም?" አለኝ። አንደኛው የሚተነፍስና የሚያቃስት ማኒኪን (ሰው የሚያህል አሻንጉሊት) ነው። ሁለተኛው የክንድ፣ የዳሌና የአራስ ሕፃን ሞዴሎች ስብስብ ነው። ሦስተኛው ዓይን ላይ የሚጠለቅ፣ ምናባዊ ዓለም የሚያሳይ የቪአር መነጽር ነው። ዋጋቸው አይገናኝም። ሥራቸውም አይገናኝም። ሦስቱም ወረቀት ላይ ግን "የሲሙሌሽን መሣሪያ" ተብሎ ነው የተጻፈው። ሰውየው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

"ስንት ተማሪ አላችሁ?" አልኩት።

"በአንድ ባች 60።"

"ለላቡ የተመደበ ስንት አስተማሪ አለ?"

ዝም አለ።

ያን ቀን በስልክ የነገርኩት ግማሹን ነው። ቀሪውን እዚህ ልጻፈው፤ የእሱ ዓይነት ጥያቄ ያለው ሰው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰበታም፣ ለገጣፎም፣ ቃሊቲም ያሉ ኮሌጆች ይሄው ፕሮፎርማ ይደርሳቸዋል።

ነገሩ ለምን አስፈለገ?

ከከተማው ዳር ሆኖ ነርሲንግ መማር የራሱ ጣጣ አለው። ከኮዬ ፈጬ የምትነሳ ተማሪ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ዋርድ ለመድረስ ሌሊት 11 ሰዓት ትነሳለች። ሃይገር ትጋፋለች። ስትደርስ ከሦስት አራት ኮሌጅ የመጡ ተማሪዎች አንድ አልጋ ከበው ቆመዋል። ከኋላ ከሆነች የምታየው የጓደኛዋን ነጭ ጋውን ጀርባ ብቻ ነው። ማታ ሎግቡኳ (የልምምድ መዝገቧ) ላይ "ካኑላ፦ አይቻለሁ" ብላ ትጽፋለች፤ ካኑላ ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ ነው። "ሠርቻለሁ" የሚለው ዓምድ ባዶውን ይቀራል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተና የኮሌጆችን ትኩረት በሙሉ ወደ ንባብ ስቦታል። ፈተናው መልስ መምረጥ ነው፤ እጅ አይፈትንም። የደረጃ ተማሪዎች የሚወስዱት ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) የተግባር ክፍል አለው፣ ግን ለአንድ ቀን ፈተና ተብሎ የተሸመደደ ቼክሊስት ወር አይቆይም።

ሲሙሌሽን (አስመስሎ መለማመድ) ይሠራል ወይ ለሚል ሰው አንድ ጥናት ልጥቀስ። አሜሪካ ውስጥ የነርሲንግ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት በ10 የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ሞክሮት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2014 አውጥቷል። ከክሊኒካል ሰዓታቸው እስከ ግማሽ ድረስ በሲሙሌሽን የተተካላቸው ተማሪዎች በተለመደው መንገድ ከተማሩት ጋር ሲነጻጸሩ የጎላ ልዩነት አልታየባቸውም። ሻጮች ይህን ጥናት በጣም ይወዱታል። የማይነግሯችሁ ነገር አለ፦ እነዚያ ትምህርት ቤቶች ለዚሁ ሥራ የሠለጠነ አስተማሪና ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ የሚደረግ ሥርዓት ያለው ውይይት ነበራቸው። ማኒኪኑን ገዝቶ ውይይቱን መተው ምጣድ ገዝቶ ሊጥ እንደመርሳት ነው።

መጀመሪያ መስፈርቱ

ዕቃ ከማየታችሁ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ወረቀት ላይ አስፍሩ። የእኔ ቅደም ተከተል ነው፤ የመጀመሪያው ግን ለድርድር አይቀርብም።

*ስንት እጅ ይነካዋል?* ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 60 ተማሪ አለ። ውዱ ማኒኪን ላይ በአንድ ጊዜ 5 ተማሪ ይገባል። ልምምዱ 20 ደቂቃ፣ ውይይቱ 40 ደቂቃ፣ በጠቅላላው 1 ሰዓት ነው። ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ለመግባት 12 ሰዓት ይፈልጋል። ከአምስቱ አንዷ ቪታል ሳይን (የልብ ምት፣ ሙቀት፣ የደም ግፊት) ትወስዳለች፣ አንዱ መድኃኒት ያዘጋጃል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዷ ከቤተሰብ ጋር ታወራለች። ካኑላ የምታስገባው አንዷ ናት። 12 ሰዓት ተለፍቶ ካኑላ ያስገባው 12 ተማሪ ነው ማለት ነው።

አሁን 10 ስፖንጅ ላይ የተሠራ ሞዴል ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። ለአንድ ስፖንጅ 6 ተማሪ፣ ለአንድ ሙከራ 4 ደቂቃ ያዙ። በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በ3 ሰዓት ውስጥ፣ እያንዳንዱ ተማሪ 7 ጊዜ ይሞክራል። ለውዱ ዕቃ የጠላትነት ንግግር አይደለም። ሁለቱ የሚያስተምሩት የተለያየ ነገር ነው። ለካኑላ ብሎ ውዱን የሚገዛ ሰው ግን ገንዘቡን አልቆጠረም።

*የትኛውን ክህሎት?* የነርስ ሥራ እጅ አለው፣ ውሳኔ አለው፣ አንደበት አለው። መርፌ መውጋት እጅ ነው። ታካሚዋ እየገረጣች እንደሆነ አይቶ ሐኪም መጥራት ውሳኔ ነው። የሞተ ልጅ ለወለደች እናት ምን ብሎ መናገር እንደሚቻል አንደበት ነው። ሦስቱንም አንድ ዕቃ አያስተምርም። ያስተምራል የሚል ሻጭ ከመጣ ቡና ጋብዛችሁ ሸኙት።

*ከተገዛ በኋላ ምን ይበላል?* የክንድ ሞዴል ቆዳና ደም ሥር ይቀየራል። ሶፍትዌር በየዓመቱ ይታደሳል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ መተመን ከጀመረ ወዲህ በዶላር የሚታደስ ነገር ሁሉ ዓመት በዓመት ዋጋው የሚያስደነግጥ ሆኗል። የዘንድሮውን የመግዣ ዋጋ ብቻ አትዩ፤ የአምስት ዓመቱን ደምሩ።

*መብራት፣ ውሃ፣ አቧራ።* ዳር ላይ ያለን ሰዎች እናውቀዋለን። መንገዱ ገና ኮብልስቶን ያልለበሰ ሰፈር ውስጥ በር ተከፍቶ ከዋለ የማኒኪኑ ደረት ላይ በጣት ስም ይጻፋል።

*ማን ያስተምርበታል?* ይህን መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ትንሽ ስለሆነ አይደለም። ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ ስለሚያስታውሰው ነው።

በእጅ የሚሠራው

ከዚህ ልጀምር፤ ማንም ፕሮፎርማ ስለማያመጣለት ጠበቃ የለውም።

አሠራሩ ይሄ ነው። ፍራሽ የሚሠሩ ቤቶች የሚጥሉትን ቁርጥራጭ ስፖንጅ ለምኑ ወይም በትንሽ ብር ግዙ። ክንድ በሚያህል መጠን ቁረጡት። ከላይ በምላጭ ቦይ አውጡለት። ጊዜው ያለፈበት ግን ሰው ያልነካው የግሉኮስ መስመር ቦዩ ውስጥ አስተኙ። አንዱን ጫፍ ጥብቅ አድርጋችሁ ቋጥሩ። ሌላውን ቀይ ውሃ ካለበት ከረጢት ጋር አገናኙና ከረጢቱን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ላዩን በጓንት ላስቲክ ወጥሩት። ተማሪዋ ትክክል ስትገባ ካኑላው ውስጥ ቀይ ብልጭ ይላል። ያን ቀይ ስታይ የምታወጣውን ትንፋሽ ብታዩት ኖሮ ዋጋው የስፖንጅ መሆኑን አታምኑም ነበር።

ቀዩ ከምን ይሁን? ከርከዴ ሞክረን ነበር። መልኩ ያምራል፣ በሦስተኛው ቀን ግን ላቡ ጠላ ቤት ጠላ ቤት ሸተተ። የምግብ ቀለም ይሻላል። ለቁስል ሥዕል ደግሞ ቀይ ሥር፣ ቫዝሊንና ትንሽ ዱቄት በቂ ነው። ለስፌት ልምምድ የዶሮ ጭን ከቆዳው ጋር ብዙ ያስተምራል። በጾም ወቅት የዶሮ ዋጋ ይወርዳል፤ ያኔ ፕሮግራም ያዙ።

ድካሙንም ልናገር። ስፖንጅ ሳያቲክ ነርቭ (መቀመጫ ውስጥ የሚያልፈው ትልቅ ነርቭ) የለውም። መርፌ የመውጋትን አንግል ያስተምራል፤ ጡንቻ 90 ዲግሪ፣ ከቆዳ ሥር 45፣ ቆዳ ውስጥ ከ10 እስከ 15። መቀመጫ ላይ የት መውጋት እንዳለባት ግን አያሳያትም። ቶሎም ይበጫጨቃል። በየሳምንቱ የሚሠራው ሰው ያስፈልጋል።

ሁለት ነገር ደግሞ አደራ። ታካሚ የነካ መርፌ ላብ ውስጥ በፍጹም አይገባም። ስፖንጅ ላይ የዋለ መርፌም ቢሆን ሲያልቅ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ነው የሚጣለው፤ ልማድ የሚጀምረው እዚህ ነው። "እርስ በርሳችን እንወጋጋ" የሚሉ ጀግኖችንም አትፍቀዱላቸው።

የአካል ክፍል ሞዴሎች

ክንድ፣ ዳሌ፣ መቀመጫ፣ ለሲፒአር (ልቡ ለቆመ ሰው ደረት መጫንና ትንፋሽ መስጠት) ከወገብ በላይ ያለው አካል፣ አራስ ሕፃን። አንዱ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ነው የሚገዛው። ለብዙ ኮሌጅ የላቡ ምሰሶ ይህ መሆን አለበት ባይ ነኝ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ሃርትፎርድ ሆስፒታል የነርስ ተማሪዎች የሚለማመዱባት "ሚስስ ቼዝ" የምትባል ሙሉ ቁመት ያላት አሻንጉሊት የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ሠሪዋም የልጆች አሻንጉሊት ሠሪ ነበረች። ዓለም ሁሉ ሲፒአር የተማረባትን አሻንጉሊት እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣውም የኖርዌይ መጫወቻ አምራች ነው። ሙያው ከአሻንጉሊት ሱቅ ነው የመጣው፤ ስለዚህ ቀላል ዕቃ ብሎ መናቅ አያዋጣም።

የሲፒአር ሞዴል ስትመርጡ አንድ ነገር ብቻ አረጋግጡ፦ ተማሪው በትክክል ሲጫን ያሳውቃል ወይ? ለአዋቂ ሰው የግፊቱ ጥልቀት ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። 30 ግፊት፣ 2 ትንፋሽ። ይህን በዓይን መገመት አይቻልም። "ቀጭ" የሚል ድምፅ ወይም መብራት ያለው ይበቃል። የማያሳውቅ ሞዴል ላይ ተማሪው የሚለማመደው ስህተቱን ነው።

ለአዋላጅነትና ለእናቶች ክብካቤ ሁለት ዕቃ ከሁሉ አስቀድማለሁ። አንደኛው ውሃ የሚሞላው አራስ ነው። 2 ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ሲገባበት ክብደቱ እውነተኛ ይሆናል፣ አንገቱ ወደ ኋላ ይወድቃል። ተማሪዋ መጀመሪያ ስትይዘው ሳታስበው እጇን ከአንገቱ ሥር ትሰዳለች። ያን እንቅስቃሴ በስላይድ ማስተማር አይቻልም። ያልተነፈሰ አራስ በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ ደርቆ፣ ተነቃቅቶ፣ ካስፈለገም በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቅ የአየር መስጫ ፊኛ) መተንፈስ መጀመር አለበት። ማስኩ በደንብ ካልገጠመ የአሻንጉሊቱ ደረት አይነሳም። ክርክር የለውም፤ ደረቱ ይፈርዳል።

ሁለተኛው አንድ ሰው ወገቡ ላይ ታጥቆ የወላድ ሚና የሚጫወትበት ሞዴል ነው። ሕፃኑን፣ እንግዴ ልጁን፣ ደሙን የታጠቀው ሰው ራሱ ይቆጣጠራል። መብራት አይፈልግም። ደሙ ሲበዛ ተማሪዎቹ ማህፀን ማሸት፣ ኦክሲቶሲን (ማህፀን የሚያኮማትር መድኃኒት) መስጠት፣ ሰው መጥራት አለባቸው። እኔ በግሌ በአስር ሺዎች ዶላር ከሚያወጣው የወላድ ማኒኪን ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። የታጠቀችው አስተማሪ በአማርኛ ትጮሃለች፣ ተማሪዋን እጇን ትይዛታለች። ማሽኑ እጅ አይዝም።

ሙሉ አካል፣ ግን ኮምፒውተር የሌለው

አልጋ ላይ የሚተኛው ተራ ማኒኪን። ገላ ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ አልጋ ማንጠፍ፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ)፣ በአፍንጫ የሚገባ ቱቦ። አንድ ወይም ሁለት ግዙ፣ ከዚያ በላይ አትድከሙ። ስትገዙ መገጣጠሚያዎቹን አጥፉና ዘርጉ፤ ጉልበቱ የማይታጠፍ ማኒኪን ገጥሞኝ ያውቃል።

አንድ ዘዴ ልጨምር። ከራስጌው ታብሌት ስቀሉ። የልብ ምት፣ የኦክስጅንና የደም ግፊት ቁጥር እንደ ሞኒተር የሚያሳዩ መተግበሪያዎች አሉ። አስተማሪው በሌላ ስልክ ወይም ታብሌት ቁጥሩን ይቀይራል። ኦክስጅኑ ከ97 ወደ 84 ሲወርድ የተማሪዎቹ ፊት ይቀየራል። ውዱ ማኒኪን ከሚሰጠው የውሳኔ ልምምድ ትልቁን ድርሻ በዚህ ታገኛላችሁ።

የሚተነፍሰው ማኒኪን

ወደ ውዱ መጣን። ዋጋው በአስር ሺዎች ዶላር ነው። ይተነፍሳል፣ የልብ ምቱ ይደመጣል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠባል፣ በማይክሮፎን አስተማሪው ከበስተጀርባ ይናገርለታል። የሚበልጥበት ቦታ ግልጽ ነው፦ ታካሚ እየባሰበት ሲሄድ ቡድኑ ምን ያደርጋል? የአለርጂ ሾክ፣ ሴፕሲስ (በኢንፌክሽን የሚመጣ ከባድ የሰውነት መታወክ)፣ የልብ መቆም። ተማሪዎች ተሯሩጠው፣ ተጯጩኸው፣ ተሳስተው ማንም የማይሞትበት ቦታ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ታሪክ ልንገራችሁ። ከዚህ በፊት በሠራሁበት አንድ ቦታ እንዲህ ዓይነት ማኒኪን ነበር። ነጭ አንሶላ ተሸፍና ነው የምትውለው። ተማሪዎቹ "ሙሽሪት" ይሏታል። እንግዳ ሲመጣ ትገለጣለች፣ ፎቶ ይነሳል፣ መልሳ ትሸፈናለች። በሁለተኛው ዓመት አየር የሚሞላው መጭመቂያ ተበላሸ። መለዋወጫው ከውጭ ነው፤ በፕሮፎርማ፣ በባንክ፣ በጉምሩክ ወራት አለፉ። በዚህ መሃል በማኒኪኗ ላይ የሠለጠነው ብቸኛ አስተማሪ ሥራ ለቀቀ። ዕቃው ሲመጣ የሚገጥመው ጠፋ። ስለቅቅ ሙሽሪት እንደተሸፈነች ነበረች።

ስለዚህ ልትገዙ ከሆነ ሻጩን እነዚህን ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የሚሠራው በ220 ቮልት ነው ወይስ በ110? ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ 110 ሆኖ ተሰክቶ ሲቃጠል አይቻለሁ። ዋስትናው የሚቆጠረው ዕቃው ከመጣበት ቀን ነው ወይስ ተተክሎ ከሠራበት? ሶፍትዌሩ ዓመታዊ ክፍያ አለው? እዚህ አገር የሚጠግን ባለሙያ አላችሁ ወይስ ቪዲዮ ነው የምትልኩልን? የቆዳ፣ የደም ሥርና የመጭመቂያ መለዋወጫ ዋጋ አሁኑኑ ይጻፍልን። ከሁሉ በላይ፦ ሦስት አስተማሪ አሠልጥኑልን። አንድ አይበቃም፤ አንድ ሰው ይለቃል።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ደግሞ የግድ ነው። ጀኔሬተር እስኪነሳ ያለችው ግማሽ ደቂቃ ልምምዱን ትገድለዋለች።

የሰፈር እናቶች

ሰውን ታካሚ አድርጎ ማሠልጠን የጀመረው ሃዋርድ ባሮውስ የሚባል የአሜሪካ ሐኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1963። እኛ አገር የሚያስፈልገው ሰው ሞልቷል። እኛ የምንሠራው ከኮሌጁ ጀርባ ካለው ሰፈር እናቶች ጋር ነው። በአንድ ገጽ ታሪክ እንሰጣቸዋለን፦ ዕድሜሽ ይሄ ነው፣ ሕመምሽ ይሄ ነው፣ ካልተጠየቅሽ ይህን አትናገሪ። የትራንስፖርትና የግማሽ ቀን እንከፍላለን። ቡና ይፈላል።

አንድ ቀን አንዲት ጎበዝ የምትባል ተማሪ ገባች። ቼክሊስቷን በቃሏ ይዛዋለች። እጇን ታጠበች፣ መጋረጃ ሳበች፣ የደም ግፊት መለኪያውን አነሳች፣ የእናትየውን እጅጌ ሰበሰበች። እናትየዋ ዝም ብለው አዩዋት። ሲያልቅ ምን ተሰማዎት ተብለው ተጠየቁ። "ልጄ፣ እጅሽ ጥሩ ነው። ስሜን እንኳን ሳትጠይቂኝ ግን ክንዴን ያዝሽው" አሏት። ተማሪዋ ደነገጠች። ከዚያ በኋላ ያንን ስህተት ስትደግም አላየሁም። እኔ ያን ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ ስናገረው ነበር።

ለኛ አካባቢ ሌላ ጥቅም አለው። ዙሪያችን ሸገር ከተማ ነው። ጤና ጣቢያ የምትመጣው እናት አፋን ኦሮሞ ብቻ ልትናገር ትችላለች። "ኤሳ ሲ ዱኩባ" (የት ያምሻል) ብሎ መጠየቅ የማይችል ተማሪ አስተርጓሚ ፍለጋ ኮሪደር ላይ ይዞራል። ይህን የሚያስለምድ ማኒኪን በካታሎግ ውስጥ የለም።

ገደቡም ይታወቅ። ሰው አይወጋም፣ ካቴተር አይገባለትም። ራሱ የታመመበትን ሕመም እንዲተውን አይሰጠውም። መርፌ ካስፈለገ ስፖንጁን ክንዳቸው ላይ ማሰር ይቻላል፤ ተማሪዋ ከሰው ጋር እያወራች ስፖንጅ ትወጋለች። ከውድ ዕቃ ሁሉ ይህ ቅልቅል ወደ እውነቱ ይቀርባል እላለሁ።

ስክሪንና መነጽር

አጭር ልሁን። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ምናባዊ ታካሚ ለውሳኔ ልምምድ ጥሩ ነው፤ ተማሪው ቤቱ ሆኖ አሥር ጊዜ ሊሞክረው ይችላል። መነጽሩ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ይገኛል፣ ባትሪው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይቆያል፣ በአንድ ጊዜ አንድ ተማሪ ነው። ቋንቋው በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። የሶፍትዌር ፈቃዱ በየዓመቱ በዶላር ይከፈላል፣ እዚህ ሆኖ መክፈሉም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እጅ አያሠለጥንም፤ አየር ላይ የወጋ ጣት የቆዳን ግፊት አያውቅም። ሹሩባ የተሠራች ተማሪ ደግሞ መነጽሩን ለማጥለቅ የምታየውን ፍዳ የሠሩት ሰዎች አላሰቡትም።

በአንድ ገበታ

| አማራጭ | የሚጎብዝበት | የማይችለው | የመግዣ ዋጋ | ከግዢ በኋላ | መብራት ሲጠፋ |
|---|---|---|---|---|---|
| በእጅ የተሠራ | መርፌ፣ ካኑላ፣ ስፌት | ቦታ መለየት፣ ውሳኔ | በጣም ትንሽ | የአስተማሪ ጉልበት | ይሠራል |
| የአካል ክፍል ሞዴል | እጅ፣ ሲፒአር፣ አራስ ማስተንፈስ፣ ማዋለድ | የተወሳሰበ ውሳኔ | በመቶዎች ዶላር | ቆዳና ደም ሥር | አብዛኛው ይሠራል |
| ተራ ሙሉ ማኒኪን | ገላ ማጠብ፣ ካቴተር፤ ታብሌት ሲጨመር ውሳኔ | አንደበት | መካከለኛ | ጥቂት | ይሠራል |
| የሚተነፍስ ማኒኪን | የቡድን ሥራ፣ የሚብስበት ታካሚ | ብዙ እጅ ማስለመድ | በአስር ሺዎች ዶላር | ሶፍትዌር፣ መለዋወጫ፣ ባለሙያ | ያለ ዩፒኤስ ይቆማል |
| የሰፈር ሰው | አንደበት፣ ታሪክ መውሰድ፣ ክብር | አካል ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ | የለውም | የቀን ክፍያ | ይሠራል |
| ስክሪንና መነጽር | የውሳኔ ልምምድ፣ ድግግሞሽ | እጅ | በመቶዎች ዶላር | ዓመታዊ ፈቃድ | ባትሪ እስኪያልቅ |

ለማን የትኛው?

ገና እየጀመራችሁ ከሆነና ኪሳችሁ ቀጭን ከሆነ፦ 10 ስፖንጅ፣ ሁለት የሲፒአር ሞዴል፣ ሁለት ውሃ የሚሞላ አራስ፣ አንድ ተራ ማኒኪን፣ የሰፈር እናቶች። ቀሪውን ብር ለአስተማሪ ሥልጠና አውሉት። ይህ ላብ በአግባቡ ከተያዘ ውድ ዕቃ ካለውና ከተቆለፈ ላብ ይበልጣል፤ ሁለቱንም አይቼ ነው የምናገረው።

መካከለኛ በጀት ካለ፦ የክንድ፣ የመቀመጫና የካቴተር ሞዴሎችን ጨምሩ። የሚታጠቀውን የወላድ ሞዴል አትለፉት። ታብሌት ሁለት ይበቃል። ክንድ ስትገዙ የአንድ ዓመት የቆዳና የደም ሥር መቀየሪያ አብሮ በዚያው ፕሮፎርማ ይግባ። በኋላ ብቻውን ለማስመጣት ስትሞክሩ ዋጋው ሳይሆን ሂደቱ ያማርራችኋል።

ብር አለን፣ ውዱን እንፈልጋለን የምትሉ፦ መጀመሪያ ከላይ ያለው ሁሉ ይኑራችሁ። ከዚያ ሦስት የሠለጠነ አስተማሪ፣ ዩፒኤስ፣ በር የሚዘጋ ክፍልና በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን የሚሞላ ፕሮግራም ካላችሁ ግዙ። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ሙሽሪትን አስታውሱ። ሌላም መንገድ አለ። በአንድ መንገድ ላይ ሦስት አራት ኮሌጅ ባለበት አካባቢ አንድ ማኒኪን በጋራ ገዝቶ በፈረቃ መጠቀም ለምን ያስቸግራል? እስካሁን የተስማሙ አላየሁም። ለአታችመንት (ለሆስፒታል ልምምድ) አንድ አልጋ ላይ ግን ተማሪዎቻቸው በየቀኑ ይገናኛሉ።

የትኛውንም ብትገዙ ከልምምዱ በኋላ ያለችውን ውይይት በፕሮግራሙ ላይ በሰዓት አስገቧት። ቢያንስ ልምምዱ የወሰደውን ያህል ጊዜ ስጧት። ተማሪውን "ምን አጠፋህ?" ብላችሁ አትጀምሩ። "ያን ጊዜ ምን እያሰብክ ነበር?" በሉት። መልሱ ብዙ ጊዜ እጁ ላይ ከታየው ስህተት የተለየ ነው።

ዲኑ በመጨረሻ ሁለተኛውን ፕሮፎርማ ፈረመ፤ መቀየሪያ ቆዳውን አስጨምሮ። የግዢ ሠራተኛውን ደግሞ ስፖንጅ ፍለጋ ወደ ፍራሽ ቤት ላከው። የእናቶቹን ክፍያ በየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሚያስገባው ግን እስከ ትናንት ድረስ ከፋይናንስ ጋር እየተከራከረ ነው።